አንድ ሰማያዊ ወይም ስድስት ሴይ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ ደቡብ ውቅያኖስ የተጻፉ የቆዩ መዛግብትን ሳገላብጥ አንድ የሂሳብ መለኪያ አጋጠመኝ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። መለኪያው «የሰማያዊ ዓሣ ነባሪ ልክ» ይባላል። አንድ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ አንድ ልክ ነው። ፊን የሚባሉት ሁለት ሲሆኑ፣ ሐምፕባክ የሚባሉት ሁለት ተኩል ሲሆኑ፣ ሴይ የሚባሉት ደግሞ ስድስት ሲሞሉ ያው አንድ ልክ ይሆናሉ። የማመሳከሪያው መሠረት ከእያንዳንዱ እንስሳ የሚወጣው የዘይት መጠን ነበር። ዝርያው ይለይ፣ ዕድሜው ይነስ ወይም ይብዛ፣ እናት ትሁን አትሁን፣ ከመንጋው የቀሩት ሺዎች ይሁኑ መቶዎች ልኩ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ግማሽ እንስሳ የሚል ቁጥር ያለ ምንም መሸማቀቅ በመንግሥታት ስምምነት ሥር መስፈሩ በጣም ከነከነኝ። ለንግድ የሚደረገውን የዓሣ ነባሪ አደን የምቃወምበትን ምክንያት ለራሴ በግልጽ ማስረዳት የጀመርሁትም ከዚያ ወዲህ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ከመነሻው እንዲህ ነበር። ሰማያዊና ፊን ዓሣ ነባሪዎች ለረጅም ዘመን ከአዳኝ እጅ ያመለጡት በፍጥነታቸውና ሲሞቱ ወደ ታች በመስመጣቸው ነው። በ1860ዎቹ የኖርዌዩ ስቬንድ ፎይን ጫፉ ላይ ፈንጂ የተገጠመለትን፣ ከመድፍ የሚተኮሰውን ሐርፑን የተባለ ጦር በእንፋሎት ከሚነዳ ፈጣን መርከብ ጋር ሲያዋህድ ያ መከላከያ ፈረሰ። በ1904 ሌላው ኖርዌያዊ ካርል አንቶን ላርሰን በደቡብ ጆርጂያ ደሴት የግሪትቪከንን ጣቢያ መሠረተ፤ የአንታርክቲካ ባሕርም ለአዳኞች ተከፈተ። ከ1925 ጀምሮ ደግሞ ከኋላቸው ተዳፋት የተሠራላቸው የፋብሪካ መርከቦች መጡ። የተገደለው እንስሳ በተዳፋቱ ተጎትቶ ወደ መርከቡ ይወጣል፣ እዚያው ባሕር ላይ ይበለታል፣ ጮማው እዚያው ይቀለጣል። ወደብ አያስፈልግም፤ የባሕር ዳርቻ ያለው መንግሥት ፈቃድም አያስፈልግም። ይህ በሆነ በአምስት ዓመት ውስጥ፣ ከ1930 እስከ 1931 ባለው አንድ የአደን ወቅት ብቻ፣ በአንታርክቲካ 30,000 የሚጠጉ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪዎች ተገደሉ። ዘይቱ ማርጋሪንና ሳሙና ሆነ።

ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ አደን ስምምነት በታኅሣሥ 1946 በዋሽንግተን ሲፈረም መግቢያው ላይ ዓሣ ነባሪዎችን ለመጪው ትውልድ ስለመጠበቅ የሚናገር መልካም ቃል ሰፍሯል። ሥራ ላይ የዋለው ግን ያ ልክ ነው። ለአንታርክቲካ በየዓመቱ 16,000 ልክ ተፈቀደ። ኮታው ለየአገሩ ስላልተከፋፈለ ጠቅላላ ድምሩ እስኪሞላ ድረስ ሁሉም ይሽቀዳደም ነበር፤ ብዙ መርከብ ያሰለፈ ብዙ ይወስዳል። ልኩ በዘይት የተሰፈረ በመሆኑም አዳኙ ስድስት ሴይ ከማሳደድ አንድ ሰማያዊ መግደል ይቀለዋል። ስለዚህ ትልቁና እጅግ የተመናመነው ዝርያ ከሁሉም በፊት ይፈለጋል፤ እሱ ሲጠፋ ወደ ፊን፣ ፊን ሲሳሳ ወደ ሴይ ይወረዳል። ልኩ የተሻረው በ1972 ነው። ከአደኑ በፊት 239,000 ገደማ እንደነበሩ የሚገመቱት የአንታርክቲካ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪዎች በዚያን ጊዜ 360 ያህል ብቻ ቀርተው ነበር። በመላው ሃያኛው ክፍለ ዘመን በአደን ያለቁት የሁሉም ዝርያ ዓሣ ነባሪዎች ወደ 2.9 ሚሊዮን ይደርሳሉ።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ነጋዴዎቹ ምነው የራሳቸውን እንጀራ አጠፉ?» ብሎ ይደነቃል። እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ይመስለኝ ነበር፤ ስግብግብነት ዓይናቸውን ጋርዶት እንጂ በረጋ መንፈስ ቢያስቡ ይቆጠቡ ነበር እል ነበር። ይህን እምነቴን የናደው ኮሊን ክላርክ የተባለው ካናዳዊ የሂሳብ ሊቅ በ1973 ያሳተመው ስሌት ነው። ዓሣ ነባሪ ቀስ ብሎ የሚራባ እንስሳ ነው። ሰማያዊዋ እናት ለአንድ ዓመት ያህል ታረግዛለች፣ አንድ ግልገል ትወልዳለች፣ እንደገና ለመውለድም ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ይፈጅባታል። ስለዚህ መንጋው በዓመት የሚያድገው በጥቂት በመቶ ነው። ገንዘብ ግን ሌላ ቦታ ሥራ ላይ ሲውል ከዚያ በላይ ሊያፈራ ይችላል። እንግዲህ የመርከቡ ባለቤት ትርፉን ብቻ የሚያሰላ ከሆነ፣ እንስሳቱን በሙሉ በቶሎ ገድሎ፣ ዘይቱን ሸጦ፣ ገንዘቡን ባንክ ማስቀመጡ በየዓመቱ በቁጠባ ከማደን የተሻለ ጥቅም ሊሰጠው ይችላል። አዳኞቹ አላበዱም፤ የሂሳቡን መንገድ ተከትለው ነው ዝርያዎቹን ጥፋት አፋፍ ያደረሱት። «በሳይንስ በተመጠነ ኮታ የሚካሄድ ንግድ ራሱን ይቆጣጠራል» የሚለው ክርክር በቀረበ ቁጥር ወደዚህ ስሌት እመለሳለሁ፤ እስካሁን የሚያጠግብ መልስ ሲሰጠው አላየሁም።

ኮታ ደግሞ እውነተኛ ቁጥር ይፈልጋል፤ የዚህ ንግድ መዝገብ በጣም የጎደፈውም እዚህ ላይ ነው። የሶቪየት ኅብረት መርከቦች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በዚያ ስምምነት ለተቋቋመው ለዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን የሚያቀርቡት ሪፖርት ሐሰት ነበር። በ1959 በጀመሩ ሁለት ተከታታይ ወቅቶች ብቻ ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ በስተደቡብ 25,000 የሚሆኑ ሐምፕባኮችን ገደሉ። ከ1948 እስከ 1973 በደቡብ ንፍቀ ክበብ ገደልን ብለው ያስመዘገቡት ሐምፕባክ 2,710 ሲሆን እውነተኛው ቁጥር ከ48,000 በላይ ነው። ይህ የተገለጠው የሩሲያው የሥነ ሕይወት ሊቅ አሌክሴይ ያብሎኮቭ በ1993 ጉዳዩን በአደባባይ ሲያወጣው፣ በመርከቦቹ ላይ ይሠሩ የነበሩ ባለሙያዎችም ትክክለኛውን መዝገብ ደብቀው አቆይተው ስለነበር ነው። በምሥራቅ አውስትራሊያና በኒውዚላንድ ዳርቻ የነበሩ ጣቢያዎች በ1960ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት የሚታደን አጥተው ሲዘጉ፣ የሚጠብቋቸው መንጋዎች የት እንደገቡ እዚያ የሚሠሩት ሰዎች አያውቁም ነበር። ሳይንቲስቶቹም የተሳሳተውን ቁጥር ይዘው ለዓመታት ሲያሰሉ ኖረዋል። ያንን መዝገብ በኮት ኪሱ ወይም በቤቱ ምድር ቤት ሸሽጎ ያቆየውን ሰው ፍርሃትና ጽናት ሳስብ ልቤ ይነካል፤ ዛሬ ስለዚያ ዘመን እውነቱን የምናውቀው በእነሱ ነው።

በ1982 ኮሚሽኑ በ25 ድምፅ ድጋፍ፣ በ7 ተቃውሞና በ5 ድምፀ ተዐቅቦ የንግድ አደን እንዲታገድ ወሰነ፤ እገዳው ከ1985 እስከ 1986 ካለው ወቅት ጀምሮ ጸና። በእኔ እምነት ሰዎች ለባሕር ፍጥረታት ካደረጉት ሁሉ ይህን የሚያህል ውሳኔ ጥቂት ነው። ሆኖም ስምምነቱ ከውስጡ ሁለት ቀዳዳዎች ነበሩት። አንደኛው፣ በጊዜው ተቃውሞውን ያስመዘገበ አገር ውሳኔው እንዳይገዛው መፍቀዱ ነው፤ ኖርዌይ በዚህ ተጠቅማ በ1993 የንግድ አደኗን ቀጠለች። አይስላንድ በ1992 ከኮሚሽኑ ወጥታ በ2002 እገዳውን አልቀበልም በሚል ቅድመ ሁኔታ ተመለሰች፤ በ2006ም የንግድ አደን ጀመረች። ሁለተኛው ቀዳዳ ለሳይንሳዊ ምርምር መግደልን የሚፈቅደው ስምንተኛው አንቀጽ ነው።

ጃፓን ከ1987 ጀምሮ በዚህ አንቀጽ ስም ወደ አንታርክቲካ መርከብ ስትልክ ቆየች፤ ሥጋውም ለገበያ ይቀርብ ነበር። አውስትራሊያ ጉዳዩን ወደ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ወሰደችው፤ ኒውዚላንድም ጣልቃ ገብታ አስተያየቷን አቀረበች። ፍርድ ቤቱ መጋቢት 31 ቀን 2014 በ12 ድምፅ ለ4 በሰጠው ፍርድ፣ ከ2005 ጀምሮ የተካሄደው መርሐ ግብር ለሳይንሳዊ ምርምር ዓላማ የተፈቀደ ነው ሊባል እንደማይችል ወሰነ። በዚያ መርሐ ግብር 3,600 ያህል ሚንኪ ዓሣ ነባሪዎች ተገድለዋል፤ ፍርድ ቤቱ የተመለከተው የምርምር ፍሬ ግን እጅግ ጥቂት ነበር። ጃፓን በ2018 እገዳው እንዲላላ ያቀረበችው ሐሳብ በ41 ድምፅ ለ27 ከወደቀ በኋላ በሰኔ 2019 መጨረሻ ከኮሚሽኑ ወጣች፤ በማግሥቱም በራሷ የባሕር ክልል የንግድ አደን ጀመረች። ከአንታርክቲካ መውጣቷ ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን ሳልመሰክር ማለፍ አልፈልግም። በ2024 ግን አዲስ የፋብሪካ መርከብ አሠማርታ ከሰማያዊው ቀጥሎ በምድር ላይ ትልቁ እንስሳ የሆነውን ፊንን ከሚታደኑት ዝርዝር ውስጥ ጨምራለች።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ቁጥር ነው። ስለ አንዱ እንስሳ አሟሟት ዝም ካልሁ ግን ጽሑፉ ጎደሎ ይሆናል። የዛሬው ሐርፑን ጫፉ ላይ ፔንትራይት የተባለ ኃይለኛ ፈንጂ ይዟል፤ ወደ ሰውነቱ ዘልቆ ገብቶ ይፈነዳል፤ በትክክለኛው ቦታ ካረፈ በቅጽበት ይገድላል ነው የሚባለው። ተኳሹ የቆመው በሚናወጥ መርከብ አፍንጫ ላይ ነው። ዒላማው ደግሞ ለመተንፈስ ለጥቂት ሰከንድ ብቅ ብሎ ተመልሶ የሚጠልቅ፣ ከውኃው በላይ ጀርባው ብቻ የሚታይ እንስሳ ነው። አይስላንድ በ2022 ከገደለቻቸው 148 ፊኖች ውስጥ የ58ቱ አሟሟት በመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ተመዝግቧል። አርባ በመቶ ገደማ የሚሆኑት ወዲያው አልሞቱም፤ የእነዚህ መካከለኛ የጣር ጊዜ 11 ደቂቃ ተኩል ነበር፤ 14ቱ ከአንድ ጊዜ በላይ ተተኩሶባቸዋል፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ሲያጣጥር የቆየም ነበር። ሪፖርቱ ከወጣ በኋላ መንግሥቱ በሰኔ 2023 አደኑን ለጊዜው አገደው። በታኅሣሥ 2024 ደግሞ ለአምስት ዓመት የሚቆይ አዲስ ፈቃድ ተሰጠ።

አሥራ አንድ ደቂቃ ተኩል ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ሰዓቴን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ ዝም ብዬ ተቀምጬ ነበር። አምስተኛው ደቂቃ ላይ ስደርስ ሰዓቱ የቆመ መሰለኝ። በዚህ መንገድ ለምግብ የሚታረድ የየብስ እንስሳ ቢኖር ሥራውን የሚፈቅድ ተቆጣጣሪ አይገኝም። በባሕር ላይ ሲሆን የሚፈቀድበት ምክንያት፣ በተንቀሳቃሽ መርከብ ላይ ቆሞ ተንቀሳቃሽ እንስሳ መግደል ከዚህ በተሻለ ሁኔታ ሊፈጸም አለመቻሉ ነው። ለእኔ ይህ አደኑን ለመፍቀድ ሳይሆን ለመተው የሚያበቃ ምክንያት ነው።

የአደኑ ደጋፊዎች ከሚያነሷቸው ነጥቦች መካከል አንዱን በቅንነት መቀበል አለብን። የሰሜን አትላንቲክ ሚንኪ ሊጠፋ የተቃረበ ዝርያ አይደለም፤ ቁጥሩ ከ100,000 በላይ ነው። ስለዚህ «ሁሉም ዓሣ ነባሪ ሊጠፋ ነው» እያልን የምንከራከር ከሆነ ኖርዌዮች መረጃ አውጥተው ይረቱናል፤ ክርክራችንን ዝርያው በመብዛቱ ወይም በማነሱ ላይ ብቻ ማንጠልጠል አይገባንም። የአርክቲክ ሕዝቦች ለራሳቸው ምግብ የሚያደርጉትን አደንም ከንግዱ ጋር አንድ ላይ መጨፍለቅ በደል ነው። በ1977 ኮሚሽኑ የቦውሄድ ዓሣ ነባሪ በጣም አንሷል ብሎ የአላስካን ኢኑፒያቶች ሲያግድ፣ አዳኞቹ «የምትቆጥሩት በዓይን የምታዩትን ብቻ ነው፤ ከበረዶው ሥር የሚያልፉት ብዙ ናቸው» ብለው ተሟገቱ። በኋላ በውኃ ውስጥ ማይክሮፎን ሲቆጠር የእነሱ ቃል ትክክል ሆኖ ተገኘ። እነሱ እንስሳውን ያውቁታል፤ የሚወስዱት ጥቂት ነው፣ የሚካፈሉትም መንደሩ ነው። የፋብሪካ መርከብ ሥራ ከዚህ ጋር በምንም አይገናኝም። ባህል ነው የሚለው የጃፓን መከራከሪያም በጥቂት የባሕር ዳር መንደሮች እውነት አለው። ሆኖም የጃፓን ሕዝብ በስፋት የዓሣ ነባሪ ሥጋ የበላው ከጦርነቱ በኋላ በነበረው የምግብ እጥረት ዘመን ሲሆን፣ በ1962 ከ200,000 ቶን በላይ የነበረው ፍጆታ ዛሬ ወደ ጥቂት ሺህ ቶን ወርዷል። ኖርዌይም በየዓመቱ የምትፈቅደውን ኮታ አትሞላም። ገዢው የራቀው ገበያ በመንግሥት ድጋፍ ተደግፎ ሲቆም ማየት ያሳዝናል።

እንግዲህ እንስሳው ራሱ ምን ይላል የሚል ሰው ካለ፣ መልሱ በጆሮው ውስጥ ተጽፏል። የእነዚህ ትልልቅ ዓሣ ነባሪዎች ጆሮ ወደ ውጭ የተከፈተ ስላልሆነ የጆሯቸው ሰም ዕድሜ ልካቸውን ሳይወጣ ይጠራቀማል፤ በየስድስት ወሩ ገደማ አንዱ ፈዛዛ፣ አንዱ ጠቆር ያለ ንብርብር እየሆነ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት ይደራረባል። ሙዚየሞች ይህን ሰም ለአሥርት ዓመታት በመደርደሪያ ላይ አስቀምጠውት ኖረዋል። በ2018 ተመራማሪዎች የሃያ ዓሣ ነባሪዎችን ሰም ንብርብር በንብርብር ፍቀው ኮርቲሶል የተባለውን የጭንቀት ሆርሞን ለኩ። አደኑ ሲበረታ ሆርሞኑም ይጨምራል፤ አደኑ ጣሪያ በነካበት በ1960ዎቹ እሱም ጣሪያ ይነካል፤ ከዚያ አደኑ ሲቀንስ አብሮ ይወርዳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አዳኝ መርከቦች ቢቀንሱም ሆርሞኑ አልወረደም፤ ባሕሩ በጦር መርከቦችና በፈንጂ የተናወጠበት ጊዜ ነበርና። ሐርፑን ያላገኛቸውም ዓሣ ነባሪዎች በጭንቀት እንደኖሩ ይህ ሰም ይመሰክራል። እንስሳቱ ደግሞ ርቆ የሚሰማ ጆሮ አላቸው። በቋንቋችን ዓሣ ብለን ብንጠራቸውም የሚያጠቡ፣ ግልገላቸውን ከጎናቸው የማያርቁ፣ ወንዱ ሐምፕባክ ለሰዓታት የሚዘምር፣ ዝማሬውም በአንድ ባሕር ያሉ ወንዶች ሁሉ የሚጋሩት ሆኖ በየጊዜው የሚለወጥ ነው። ይህ ሥርዓት ያለው ዝማሬ መሆኑን ሮጀር ፔይንና ስኮት ማክቬይ በ1971 ካስረዱ በኋላ ነው የዓለም ሕዝብ ልብ ወደ እነዚህ ፍጥረታት ያዘነበለው። እኔም የመጀመሪያውን ቅጂ የሰማሁት ማታ፣ መብራት አጥፍቼ ነበር። ወደ መጨረሻው ላይ አንድ ዝቅ ያለ፣ በጉሮሮ የሚንከባለል ድምፅ አለ፤ ዛሬም ስሰማው ሥራዬን አቆማለሁ።

«ዓሣ ነባሪዎች ዓሣችንን ይጨርሱብናል» የሚለውን ደግሞ ባጭሩ ማለፍ ይቻላል። የደቡብ ውቅያኖስ ትልልቆቹ የሚመገቡት በዋነኛነት ክሪል የተባለውን ትንሽ ፍጥረት ነው፤ ከአደኑ በፊት በዓመት 430 ሚሊዮን ቶን ያህል ይበሉ እንደነበር ተገምቷል። እነሱ ከተጨፈጨፉ በኋላ ክሪሉ ይበዛል ተብሎ ሲጠበቅ አልሆነም። በብረት ማዕድን የበለጸገው እዳሪያቸው ክሪሉ የሚመገባቸውን ጥቃቅን ዕፅዋት ያዳብር ነበር፤ እነሱ ሲጠፉ ባሕሩም ማዳበሪያውን አጣ።

ማገገም እንደሚቻል አይተናል። በደቡብ ምዕራብ አትላንቲክ፣ በብራዚል ዳርቻ የሚወልዱት ሐምፕባኮች በ1950ዎቹ 450 ያህል ብቻ ቀርተው ነበር፤ ዛሬ ወደ 25,000 ደርሰዋል፣ ከአደኑ በፊት ወደነበሩበት ተቃርበዋል ማለት ነው። የተደረገላቸው ነገር ቢኖር አለመገደላቸው ነው። ሁሉም ግን ይህ ዕድል አልገጠማቸውም። በአረቢያ ባሕር፣ በኦማን ዳርቻ የሚኖሩት ሐምፕባኮች እንደሌሎቹ ወደ ዋልታ ባሕር አይፈልሱም፤ እዚያው ይመገባሉ፣ እዚያው ይወልዳሉ። ዘረመላቸው ከሌሎቹ የተለዩት ከ70,000 ዓመታት ገደማ በፊት መሆኑን ያሳያል። በኅዳር 1966 የሶቪየት መርከቦች በዚያ ሲያልፉ 242ቱን ገደሉ። ያ ባሕር ከ1979 ጀምሮ በሲሸልስ አሳሳቢነት የዓሣ ነባሪ መጠለያ ተብሎ ተከልሏል፤ ሐርፑንም አልተመለሰበትም። ከስድሳ ዓመት ገደማ በኋላ ግን በኦማን ዳርቻ የሚኖሩት ከመቶ በታች እንደሆኑ ይገመታል። አሁን የሚገድሏቸው የዓሣ መረቦችና በዚያ መስመር የሚመላለሱ ትልልቅ የጭነት መርከቦች ናቸው። በቀዝቃዛዎቹ ወራት ተመራማሪዎች ከባሕሩ ወለል ላይ የሚያስቀምጧቸው መቅረጫዎች አሁንም የወንዶቹን ዝማሬ ይቀርጻሉ፤ በደቡብ ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ካሉት ዘመዶቻቸው ዝማሬም የተለየ ነው።